ለባልና ሚስት ብቻ

አዲስ አበባ፣ ላምበረት
የካቲት 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለኃይለሚካኤል፣ ኦዴሳ

ሦስት ጊዜ «ለውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ሦስቱንም ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛውን በስምህ ብቻ ጀምሬዋለሁ። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ኅዳር ላይ ለእናትህ ከጻፍከው ደብዳቤ አውቄአለሁ።

እኛ ደህና ነን። ሣባ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ሙሉአለም አራት ዓመት ሞላው። አንተ ስትሄድ የስምንት ወር ልጅ ስለነበረ የሚያውቅህ በፎቶግራፍ ብቻ ነው። «አባትህ የት ነው?» ሲሉት «አውሮፕላን ውስጥ» ይላል። ሣባ ናት እንዲህ ብላ የነገረችው። እኔም አላረምኩትም።

«የእናቴን ደብዳቤ ማን አሳየሽ?» ትል ይሆናል። ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። መስከረም ላይ እማማ ጥሩነሽ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን እንደተቀበሉ የጻፍኩልህ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉትም ነግሬሃለሁ። አንተ ይህን አንብበህ ከእንግዲህ እናቴ አንባቢ አያስፈልጋትም ብለህ አሰብክ። እማማ የሚያነቡት ግን በትልልቁ የታተመውን መጽሐፋቸውን ነው። የአንተን የእጅ ጽሕፈት እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ማስታወሻህን እየተዋስኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ደብዳቤህ እንደመጣ፣ እንደ ቀደሙት ሁሉ፣ ለእኔ አመጡት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን ጠርጌ ፖስታውን ተቀበልኩ። እሳቸው በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ አሁን ራስሽ ማንበብ ስለቻልሽ በመካከላችን ሰው ሳይገባ የልቤን ልነግርሽ ነው» ይላል መጀመሪያው።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ በራሴ እጅ ልጻፈው። «ከቀበሌ ሦስት ምስክር አቁመሽ ሚስት አግብቶ አያውቅም የሚል ማስረጃ አጽፈሽ ላኪልኝ። ሰማንያው ሳጥንሽ ውስጥ ስላለ እሱን አጥፊው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ወረቀት ብቻ ነው፣ ለዚህ አገር ሕግ ነው የሚያስፈልገኝ። ለየሺአረግ ቀስ ብለን እንነግራታለን።» ልታገባት የፈለግካት ልጅ ላሪሳ ትባላለች፣ መልካም ሰው ናት፣ አባቷ የወደብ ሠራተኛ ነው። ይህን ሁሉ ለእናትህ ነው የጻፍከው።

ነገሩን በቀላሉ ላስቀምጠው። ሰማንያው እማማ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት በእሳቸው ስም ነው። ቀበሌው የሚያምነውም የእሳቸውን ቃል ነው። እማማ ያልካቸውን ቢያደርጉ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላገባሁ ሴት እሆናለሁ፤ ሁለቱ ልጆችም ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ወረቀት ይዘው ያድጋሉ። የሚያስፈልገው የአንዲት አሮጊት ሴት አንድ ጠዋት ብቻ ነበር።

ያን ቀን ካነበብኩላቸው ውስጥ አንተ የጻፍከው ቃል አልነበረም። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ ሌላ ደብዳቤ አነበብኩ። በረዶው እንደከበደ፣ ፈተና እንደተቃረበ፣ ጥቁር ዳቦ እንደለመድክ። «ልጆቹን ሳሚልኝ» አልኩ በአንተ ስም። «የሺአረግንም ድካምሽ ይገባኛል በይልኝ» ብዬ ጨመርኩ። ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም፤ ለእሳቸው አያስፈልጋቸውም ነበር። እማማ «ተመስገን» ብለው ደብዳቤውን ተቀበሉኝና ሄደው ሳጥኑ ውስጥ ቆለፉበት።

እናትህን ላለማሳዘን ብዬ ዋሸሁ ብልህ ግማሹ ነው። ግማሹ ግን እሳቸው ልጃቸውን ይመርጡ እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳጥኑን ስጠብቅ ኖርኩ። ደብዳቤውን ይዘው ወደ ፈዲላ ሱቅ እንዳይሄዱ ፈራሁ፤ ፈዲላ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ እንደምታነብ ታውቃለህ። አልሄዱም። ወደ ቀበሌም አልሄዱም። በአንድ ማዕድ እየበላን፣ እኔ የማውቀውን እሳቸው አያውቁም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥር ላይ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ሆነ። የሴቶች ኮሚቴያችን የሚያወጣት መጽሔት አለች፤ ከእንግሊዝኛ የምተረጉምላት እኔ ነኝ። በቦሌ መንገድ ዳር ከውጭ አገር የመጣ ሉና ፓርክ የሚባል መጫወቻ ሜዳ ላይ ተተክሎ ስለነበር የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጓድ ዘርፌ አንድ ጽሑፍ ሰጠችኝ፦ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ቤት ትተው ወደ መዝናኛ ሲሄዱ ፍቅራቸውን የሚያድሱበት ዘዴ። ፈረንጆቹ ሁሉን ነገር አስበውበታል። የልጆቹን የእንጨት ፈረስ እለፉት ይላል፤ ዛሬ የማንንም አፍንጫ አትጠርጉም። አንድ ጣፋጭ ገዝታችሁ ለሁለት ብሉ። የሚጋጩትን ትንንሽ መኪኖች ስትነዱ መሪውን ለሚስትህ ልቀቅላት። ሳትዘጋጁ ፎቶግራፍ ተነሡ። ልጆች ፊት የማትነጋገሩትን ያን ቀን ተነጋገሩ። ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚዞረው ትልቁ ጎማ ላይ ወጥታችሁ ጫፍ ስትደርሱ ተሳሳሙ።

ጓድ ዘርፌ እርሳሷን ይዛ አነበበችው። «የሺአረግ፣ ይሄ መሳሳም የሚለው አይሄድም።»

«ታዲያ ጫፍ ላይ ደርሰው ምን ያድርጉ?»

ትንሽ አሰበች። «ይወያዩ» አለች።

እንደዚያው ታተመ። ለትርጉሙም ሽልማት ብለው ሁለት የመግቢያ ቲኬት ሰጡኝ። ቲኬቱ ላይ «ለባልና ሚስት ብቻ» የሚል ማኅተም አለው። ጓድ ዘርፌ ስትሰጠኝ ባሌ የት እንዳለ ትዝ አላላትም፤ ትዝ ሲላት ደግሞ ፊቷ ቀላ። «ግድ የለም» አልኳት፣ «አብሮኝ የሚሄድ ሰው አላገኝም ብለሽ ነው?»

አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፤ በግድግዳው ጎረቤት ይሰማል። ለእማማ እውነቱን የምነግርበት፣ መልሳቸውንም ፊታቸው ላይ የማይበት ቦታ ያስፈልገኝ ነበር። ልጆች የሌሉበት ቦታ ተገኘ።

እሑድ ጠዋት ልጆቹን ለፈዲላ ሰጠኋት።

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» አለችኝ ቲኬቱን እያገላበጠች።

«ከአማቴ ጋር።»

«የባልና ሚስት አይደል እንዴ የሚለው?»

«ነው።»

«ወላሂ ባሌ አብዱልሐሚድ ይህን እንዳይሰማ። እናቴን ይዤ ልሂድ ይለኛል።»

እማማ የጥምቀት ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ሉና ፓርክ ምን እንደሆነ በመንገድ ላይ አስረዳኋቸው። «ሰው ከፍሎ የሚፈራበት ቦታ ነው» አልኳቸው። «እኛስ በነጻ እየፈራን ከፍለን ምን ልናገኝ ነው?» አሉና ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ የሚስቅበት የለም። ይህን ፖስታ ከአንተ በፊት የሚከፍት ሰው ካለ የአሮጊት ወሬ ነው ብሎ ይለፈው።

በሩ ላይ ያለው ልጅ ቲኬቱን አየ፣ እኛን አየ።

«እህቴ፣ ይሄ ለባልና ሚስት ነው። ባልሽስ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እማማ ቀደሙኝ። «እኔ መጥቻለሁ በሱ ፈንታ።»

«እማማ፣ እንዲህ አይሆንም እኮ።»

«የወለድኩት እኔ ነኝ። ከኔ የበለጠ እሱን የሚተካ ካለ አምጣ።»

ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቲኬቱን በስቶ መለሰልን።

ከዚያ በኋላ ራሴ የተረጎምኩትን አንድ በአንድ ፈጸምን። ፈረሶቹን አለፍናቸው። በእንጨት ላይ የተጠመጠመ፣ ጥጥ የመሰለ ስኳር ገዝተን ለሁለት በላን። እማማ ቆንጥረው አዩት፤ «ይሄን ለሸማኔ ብንሰጠው ጥሩ ነጠላ ይወጣዋል» አሉ። የሚጋጩት መኪኖች ጋ ስንደርስ «አንቺ ወዲያ በይ፣ እኔ ልንዳ» ብለው መሪውን ያዙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የመጡ ባልና ሚስት ፊት ለፊታችን ነበሩ። ገጯቸው። «ይቅርታ የኔ ልጆች» አሉና ዞረው እንደገና ገጯቸው። ፎቶ አንሺው ሮኬት የተሳለበት ሳንቃ አለው፤ ለባልና ለሚስት ጠፈርተኛ ፊት ማስገቢያ ሁለት ቀዳዳ ተበጅቶበታል። እማማ የወንዱ ጎን ገቡ። ፎቶግራፉን አልክልህም። ሣባ አልጋዋ አጠገብ ሰቅላዋለች።

በመንገዱ ሁሉ የምለውን በልቤ እየደረደርኩ ነበር። መጀመሪያ «ደብዳቤውን አላነበብኩልዎትም» ልል፣ ከዚያ ላነበው፣ ከዚያ ዝም ልል። ትልቁ ጎማ ላይ ስንወጣ ሠራተኛው ብረቱን ዘጋብን። እማማ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁለት ጊዜ ዞርን። ሦስተኛው ላይ ጫፍ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሙዚቃውም ቆመ። ከታች ሰዎች ተጯጯሁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ከላይ ሆነን አውሮፕላን ማረፊያው ይታየናል፤ በምሥራቅ በኩል የላምበረት ባሕር ዛፍ ይታያል። ወንበሩ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

«እማማ፣ ያመጣሁዎት አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ኃይሌ የጻፈውን።»

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ማን አነበበልዎት?»

«እኔ ነኛ። ላንቺ ከማምጣቴ በፊት አራት ቀን ይዤው ተቀመጥኩ። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ነው። እዚያ ሚስት የሚለው ላይ ስደርስ አንድ ቀን ሙሉ ቆምኩ፤ ፊደሉን የተሳሳትኩ መሰለኝ። መጽሐፌን አውጥቼ አስተያየሁት። ልክ ነው።»

«ካነበቡት ለምን አመጡልኝ ታዲያ?»

ወደ ታች አላዩም፤ ወደ እኔም አላዩም። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንቺ ስታነቢው ምናልባት ሌላ ይሆናል ብዬ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ሌላም ሆነ» አሉ።

ኃይለሚካኤል፣ ሁለት ወር ሙሉ እሳቸውን ስጠብቅ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው እኔን ሲጠብቁ የኖሩት።

«ያንን ያነበብሽልኝን ወደድኩት» አሉ። «ልጄ እንደሱ ቢጽፍ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። አንቺንም አየሁሽ፤ ድካምሽ ይገባኛል ስትይ ድምፅሽ ቀነሰ።»

«ቀበሌ ይሄዳሉ?» አልኩ። ሌላ ነገር ማለት ስላልቻልኩ ነው እንዲህ በቀጥታ የጠየቅኩት።

«ምን ብዬ? ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ በሩ ላይ የተቀበልኩሽ እኔ። ሣባን ያዋለድኳት እኔ። ሚስት አላገባም ብዬ ሦስት ሰው ይዤ ልሄድ ነው? ልጄ ነው፣ አልረግመውም። ግን አልዋሽለትም።» ይህን ብለው አንዱን እጃቸውን ከብረቱ አነሱና መቀነታቸውን ፈቱ። አራት ጊዜ ታጥፎ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ሰማንያችን ነው። ያንተ ፊርማ፣ የእኔ ፊርማ፣ የስድስቱ ምስክሮች የጣት አሻራ። «ያዢው» አሉኝ፤ «ሳጥን ይሰበራል፣ አሮጊትም ትሞታለች።»

ተቀበልኩት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም።

«አሁን እንግዲህ» አሉ፣ «ጠብቂው። ወንድ ነው፤ ብርድ አገር ነው፤ ይመለሳል። አባቱም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎኛል። ጠበቅኩት፣ መጣ።»

«መጥተው ምን አሉ?»

«ምንም አላለም። ራት አቀረብኩለት።»

«እኔ አላቀርብም እማማ።»

«የሺ...»

«አልጠብቀውም። ይህን ወረቀት የምፈልገው ሚስቱ ሆኜ ለመቅረት አይደለም። ሚስቱ እንደነበርኩ ማንም እንዳይሰርዘው ነው። ልፈታው ነው፤ በወረቀት፣ በፍርድ ቤት።»

እማማ ብረቱን መልሰው ያዙ። አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን አለፈ። ካልኳቸው ሁሉ ይህ ነው የከበዳቸው። ውሸት አልፈልግም ማለትና ልጅ ሲፈታ ማየት ለእናት አንድ አይደለም።

«ብፈታው ደግሞ» አልኩ፣ «እርስዎ ቤት መኖር አልችልም። ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«ቤቱ የመንግሥት ነው» አሉ።

«እማማ፣ አልቀለድኩም።»

«እኔም አልቀለድኩም። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ጥሩነሽ የሚል ነው። ማን ከኔ ጋር እንደሚኖር የሚጠይቀኝ ካለ መጥቶ ይጠይቀኝ። ከኔ ልጅ ጋር ነው እንጂ ከኔ ጋር አልተፋታሽም።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ትከሻቸውን ያዝኩ። መብራት መጥቶ ጎማው ሲንቀሳቀስ ሙዚቃው ካቆመበት ቀጠለ፤ ከታች ሰው አጨበጨበ።

ስለዚህ የምታገኘው ወረቀት ይኸውና። «ሚስት አግብቶ አያውቅም» የሚል ማስረጃ ከዚህ አገር አይመጣልህም። «አግብቶ ፈትቷል» የሚል ይመጣልሃል፤ እሱም እንደማንኛውም ወረቀት ማኅተም አለው፤ ላሪሳን ለማግባትም ይበቃሃል። እሷ እውነቱን የምታውቅ ከሆነ ምንም አይቸግራትም። የማታውቅ ከሆነ ከእኔ ሳይሆን ከአንተ ትስማ። ፍቺውን የሚያዩት የዘመድ ዳኞች ሲሰየሙ ከአንተ ወገን ማን እንዲቆምልህ እንደምትፈልግ ስሙን በቶሎ ላክ። ለእናትህ ስትጽፍ ፊደሉን ለይተህ ጻፍ። ለሙሉአለም አባቱ ኦዴሳ የሚባል ከተማ እንዳለ፣ ምድር ላይ እንደሚኖር፣ ትናንት ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ለምን አይመጣም?» አለኝ። የዚህን መልስ አንተ ጻፍለት።

ፍርድ ቤት የሄድነው ከትናንት ወዲያ ነው። «ሄድን» የምለው እማማ ጠዋት ተነሥተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ስለጠበቁኝ ነው። በማመልከቻው ላይ «ምክንያት» የሚለው ጋ «ባል በሩቅ አገር ይኖራል» ብዬ ሞላሁ። ሌላም ነበረ፤ የተሰጠው መስመር አንድ ነው።

መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ሰማንያውን አገላብጦ አየው። «ጋብቻው መኖሩን የሚመሰክር ሰው አለሽ?» አለኝ።

እማማ ከኋላዬ ወደፊት ወጡ።

«እርስዎ የማን ወገን ነዎት?»

«የባልየው እናት ነኝ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «እናትየው ለሚስት ነው የሚመሰክሩት?»

«ለሆነው ነገር ነው የምመሰክረው።»

ሰውዬው ከእኔ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ አየኝ። የጣት አሻራ ቀለሙን ከፍቶ ወደ እማማ ገፋው፤ አውራ ጣታቸውን ሊይዝላቸው እጁን ዘረጋ። እማማ ቀለሙን መልሰው ገፉለት። እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሱ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ ወረቀቱ ላይ ጎነበሱ። ስማቸውን እስከ አባታቸው ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከኋላችን የተሰለፈ ሰው «እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ» አለ። አልፈጠኑም። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ በለሆሳስ አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ።

የጀመርከውን ትምህርት እግዚአብሔር በሰላም ያስጨርስህ። ከብርድም ይጠብቅህ። ልጆቹ ይስሙሃል።

የሺአረግ ገብረእዝጊ